የጥርስ ሐኪም አጠቃላይ ፓቶሎጂን ስለ ምን ይማራል?



ከጥርስ ሕክምና ተማሪዎች በየዓመቱ የሚነሣ አንድ ጥያቄ አለ። «የምናክመው ጥርስን ነው፤ ታዲያ ስለ ጉበት ጠባሳ፣ ስለ ልብ ጡንቻ ሞትና ስለ ደም መርጋት ይህን ያህል ሰዓት የምንማረው ለምንድን ነው?» ይላሉ። ጥያቄው ተገቢ ነውና ተገቢ መልስ ይሻል።

አጠቃላይ ፓቶሎጂ የበሽታዎች ዝርዝር አይደለም። ጀርመናዊው ሐኪም ሩዶልፍ ቪርኾ እ.ኤ.አ. በ1858 ባሳተመው «ሴሉላር ፓቶሎጂ» እንዳስረዳው፣ የበሽታ መነሻው ሕዋስ ነው። ሕዋስ ደግሞ በየትኛውም አካል ቢገኝ ለጉዳት የሚሰጠው ምላሽ በዓይነቱ ጥቂት ነው፤ ራሱን ከለውጡ ጋር ያላምዳል፣ ይጎዳል፣ ይሞታል፣ አለዚያም ከሥርዓት ውጭ ይባዛል። በዙሪያው ያለው ኅብረ ሕዋስም ይቆጣል፣ ይድናል ወይም ጠባሳ ይሠራል። ይህን የተረዳ ተማሪ ለእያንዳንዱ አካል እንደ አዲስ አይጀምርም፤ ቦታው ሲለወጥ ምን እንደሚለወጥ ብቻ ይጠይቃል።

ጥርስ ለዚህ ጥሩ ማሳያ ነው። ሮማዊው ጸሐፊ ሴልሰስ ከሁለት ሺህ ዓመት ገደማ በፊት አራት የብግነት ምልክቶችን መዝግቧል፤ መቅላት፣ ማበጥ፣ መጋልና ሕመም ናቸው። ጣት ሲቆጣ ቆዳው ስለሚለጠጥ ለእብጠቱ ስፍራ ይሰጣል። በጥርስ ውስጥ ያለው ፐልፕ ግን በጠንካራ የዴንቲን ግድግዳ ታጥሯል። የደም ሥሮቹ ሰፍተው ፈሳሽ ሲያወጡ ማበጫ ቦታ የለም፤ በተጎዳው ክፍል ግፊት ይጨምራል፣ የደም ዝውውር ይታወካል፣ ፐልፑም ሊሞት ይችላል። ከዚያም ጉዳቱ በሥሩ ጫፍ በኩል ወደ መንጋጋ አጥንት ይዘልቃል። እንቅልፍ ሲነሣ የሰነበተ ጥርስ ያለ ሕክምና በድንገት ዝም ሲል ሕመምተኛው «ተሻለኝ» ብሎ ይደሰታል፤ ሂደቱን የሚያውቅ ሐኪም ግን ጸጥታው የፐልፑ ሞት ሊሆን እንደሚችል ይገነዘባል።

ሁለተኛው ምሳሌ ያበጠና የሚደማ ድድ ነው። ብዙውን ጊዜ ምክንያቱ በጥርስ ላይ የተጠራቀመ ባክቴሪያ ስለሆነ በጥሩ ጽዳት ይሻላል። ሆኖም በአጣዳፊ ሉኬሚያ፣ በተለይም በሞኖሳይቲክ ዓይነቱ፣ የካንሰር ሕዋሳት ድድ ውስጥ ሰርገው ሲገቡ ተመሳሳይ እብጠት ይታያል። የሚጥል በሽታን ለመቆጣጠር የሚሰጠው ፌኒቶይን የተባለው መድኃኒትም ድድን ያሳድጋል። ባልተቆጣጠሩት የስኳር በሽታ ደግሞ የነጭ የደም ሕዋሳት ተግባር ስለሚዳከም የድድ በሽታ ይከፋል፣ ቁስልም ለመዳን ይዘገያል። እንግዲህ ለዓይን አንድ የሚመስለው እብጠት የተለያየ መነሻ አለው። ያልታወቀ ሉኬሚያ ያለበትን ሰው ደሙን ሳያስመረምሩ ጥርሱን መንቀል፣ በቀላሉ የማይቆም መድማትንና ከባድ ኢንፌክሽንን ሊያስከትል ይችላል።

ሦስተኛው የማይድን ቁስል ነው። በሹል ጥርስ ምክንያት የተፈጠረ የምላስ ቁስል ጥርሱ ሲስተካከል አብዛኛውን ጊዜ በሁለት ሳምንት ገደማ ይድናል። መንሥኤው ተወግዶ ከሁለት እስከ ሦስት ሳምንት ያልዳነ ቁስል ግን ናሙናው ተወስዶ በማይክሮስኮፕ መታየት አለበት። ይህ በቃል የሚሸመደድ ቁጥር አይደለም፤ ጤናማ ኅብረ ሕዋስ ራሱን ለመጠገን ከሚወስድበት ጊዜ የተቀዳ ነው። ጊዜው አልፎ ካልዳነ «ጥገናውን የከለከለው ምንድን ነው?» ማለት ይገባል። ከመልሶቹ አንዱ ካንሰር ነው።

በአገራችን የፓቶሎጂ ላቦራቶሪ ከትልልቅ ከተሞች ውጭ እንደ ልብ አይገኝም። ስለዚህ ማን ወደ ከፍተኛ ሕክምና መላክ እንዳለበት፣ ማን ታክሞ ወደ ቤቱ እንደሚሄድ የሚወስነው ብዙ ጊዜ አፉን ከፍቶ ያየው ባለሙያ ነው። እርሱ የተጠራጠረው ናሙና ይላካል፤ ያልተጠራጠረውን ማንም አያየውም።

መምህራን ባልደረቦቼ፣ ትርጓሜ የሚያስሸመድድ ፈተና ይህን ጥርጣሬ አያስተምርም። የሕዋስ ሞትን ስናስተምር ከልብ ጡንቻ ጎን ፐልፕን እናሳይ። በክሊኒክም ተማሪው መሣሪያ ከማንሣቱ በፊት «እዚህ ላይ የምታየው የትኛው ሂደት ነው?» ብለን እንጠይቀው። ተማሪዎች ሆይ፣ እናንተም ጥያቄውን ሳትጠየቁ ራሳችሁን ጠይቁ፤ የሚታከመው ጥርሱን ይዞ የመጣው ሰው ነውና።