በቆላው ቤት የዶሮ አያያዝ በሙቀትና በጾም ወራት

ስለ አገራችን የቀንድ ከብት፣ ስለ እርሻና ስለ ቡና ብዙ ተጽፏል። ዶሮ ግን በጓሮ የምትውል፣ በሴቶችና በልጆች እጅ የምትያዝ ስለ ሆነች፣ በሕዝብ ኑሮ ጥናት ውስጥ ያገኘችው ስፍራ እጅግ ጥቂት ነው። ስለ እርስዋ የሚጻፈውም አብዛኛውን ጊዜ የሚመለከተው የዕንቁላሉን ቍጥርና የሥጋውን ክብደት እንጂ የያዢዋን ዕውቀት አይደለም። ነገር ግን ዶሮ በአገራችን የትናንት እንግዳ አይደለችም። በምሥራቅ ትግራይ መዝበር በተባለው ስፍራ በቍፋሮ የተገኘው የዶሮ አጥንት ከክርስቶስ ልደት በፊት በነበረው የመጀመሪያ ሺህ ዓመት፣ በፊተኛው እኩሌታ የነበረ መሆኑ ታውቋል። ይህን ያህል ዘመን በቤት የኖረች እንስሳ በዙሪያዋ ልማድና ሥርዓት ሳይበቅል አይቀርም።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ በሰሜን ሸዋ ምሥራቃዊ ቆላና ከእርሱ ጋር በሚያያዘው የወሎ ቆላ፣ ዶሮ በሙቀት ወራት እንዴት እንደምትያዝ መግለጽ ነው። ዋና አሳቡም የሚከተለው ነው። የቆላ ሴት በእነዚህ ወራት የምትሠራው ሥራ ዶሮዋን ከፀሐይ መከለል ብቻ ሳይሆን፣ ሁለት እርስ በርሳቸው የማይስማሙ አቈጣጠሮችን፣ ይኸውም የአየሩንና የጾሙን፣ ማስታረቅ ነው።

፩. ስፍራውና ወራቱ

ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው መንገድ ደብረ ብርሃንንና ጣርማ በርን አልፎ የሚወርድ መንገደኛ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ከብርድ ወደ ሙቀት ይሸጋገራል። ሸዋ ሮቢት ከባሕር ጠለል በላይ 1,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ያለው ሲሆን፣ ዋናው እህል ማሽላ ነው። ሙቀቱ ከመጋቢት ጀምሮ እየበረታ ሄዶ በግንቦትና በሰኔ ከሁሉ ይብሳል። የቀትሩ ሙቀት ከ30 ዲግሪ በላይ ይወጣል፤ የሐምሌ ዝናብ እስኪገባም ድረስ አይበርድም።

ሁለተኛው አቈጣጠር የቤተ ክርስቲያን ነው። ፋሲካ ከመጋቢት 26 ቀን በፊት፣ ከሚያዝያ 30 ቀንም በኋላ አይውልም። ስለዚህ የ55 ቀኑ ዐቢይ ጾም ቢፈጥን የካቲት 1 ቀን፣ ቢዘገይ መጋቢት 5 ቀን ይገባል። በጾሙ ውስጥ ሥጋና ወተት ብቻ ሳይሆን ዕንቁላልም አይበላም። ከፋሲካ በኋላ ያሉት 50 ቀኖች ደግሞ ረቡዕና ዓርብ እንኳ የማይጾምባቸው ናቸው።

ሁለቱን አቈጣጠሮች ጎን ለጎን ብናስቀምጣቸው ችግሩ ወዲያው ይታያል። አየሩ ገና ሳይበረታ ዶሮዋ ደኅና በምትጥልበት ጊዜ የክርስቲያኑ ቤት ጾመኛ ስለ ሆነ ዕንቁላሉ ፈላጊ ያጣል። ጾሙ ተፈቶ ዕንቁላል በሚፈለግበት ጊዜ ደግሞ ሙቀቱ ዶሮዋን ያደክማትና መጣል ትቀንሳለች። የዕንቁላል ገንዘብ በባላገር ቤት ባል የማይጠይቀው፣ ጨውና ቡና፣ የልጅ ደብተርና እርሳስ የሚገዛበት የሴቲቱ የራስዋ ገንዘብ ነውና፣ ይህ አለመገጣጠም የሚያጎድለው የእርስዋን እጅ ነው።

፪. ሙቀት በዶሮ ሰውነት ላይ የሚሠራው

የዶሮ ሰውነት በደኅና ጊዜ 41 ዲግሪ ገደማ ይሞቃል። ላብ የሚያወጣ ቆዳ ስለሌላት፣ ትርፉን ሙቀት የምታስወጣበት መንገድ ጥቂት ነው። ክንፎችዋን ከገላዋ አራርቃ ትቆማለች፤ በራስዋ ላይ ባለው ቀይ ሥጋና ላባ በሌለው እግርዋ በኩል ሙቀቱን ታስወጣለች፤ ቀዝቃዛ አፈር ጭራ ትተኛለች፤ ይህ ሁሉ ካልበቃት አፍዋን ከፍታ ታለከልካለች። ስታለከልክ ከሳንባዋ የሚወጣው እርጥበት ያቀዘቅዛታል። ነገር ግን ዋጋ ያስከፍላታል፤ ከትንፋሹ ጋር ካርቦን ዳይኦክሳይድ የተባለው አየር ከመጠን በላይ ስለሚወጣ፣ ለዕንቁላሉ ቅርፊት የሚያስፈልገው ነገር ይጎድላል። በግንቦት የሚጣለው ዕንቁላል ቅርፊቱ ስስ የሚሆንበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ሌላው ምክንያት መብል መቀነስዋ ነው። «ዶሮ ብታልም ጥሬዋን» ይባላል፤ በቀትር ሙቀት ግን ጥሬው ፊትዋ ተበትኖ ሳለ ትታው ወደ ውሃ ትሄዳለች።

የባላገሩ የዶሮ ስም አወጣጥም ከዚህ ጋር ግንኙነት አለው። ዶሮ በላባዋ ቀለም ቀይ፣ ነጭ፣ ጥቁር፣ ገብስማ፣ ወሰራ እየተባለች ትጠራለች። መላጣ የሚለው ስም ግን ቀለምን አይነግርም፤ አንገትዋ ላባ የሌላት ዶሮ ማለት ነው። የዘር ሊቃውንት እንደሚያስረዱት፣ ይህ ጠባይ ከአንድ ዘረ መል የሚወረስ ሲሆን፣ የአንገቱን ብቻ ሳይሆን የመላ ገላውንም ላባ ይቀንሳል፤ ስለዚህም መላጣዋ ሙቀትን ከሌሎቹ ይልቅ ትችላለች። ሆኖም በገበያ ላይ መልክዋ ስለማያምር፣ በተለይም ለበዓል የሚገዛ ሰው ቀይ አውራ ዶሮ ስለሚመርጥ፣ ለቆላው አየር የተስማማችው ዶሮ በዋጋ ወደ ኋላ ትቀራለች። እዚህ ላይ ልማድና አየር የሚፈርዱት ፍርድ የተለያየ ነው።

፫. የቀኑ ሥራ

በሙቀት ወራት የዶሮ ሥራ የሚጀመረው ጎሕ ሲቀድ ነው። ዶሮዎቹ ካደሩበት ቆጥ እንደ ወረዱ ባለቤቲቱ የማሽላ ጥሬ ወይም ግርድ፣ ጠላ ከተጠመቀም አተላ ትሰጣቸዋለች። ማልዶ ማብላት ብልኅነት አለበት። እህል በሆድ ውስጥ ሲፈጭ ራሱ ሙቀት ይፈጥራልና፣ ረፋድ ላይ የበላች ዶሮ የሆድዋ ሙቀትና የፀሐዩ ሙቀት በአንድነት ይገጥሟታል። ማለዳ የበላችው ግን ቀትር ሳይደርስ አብዛኛውን ጨርሳ ታርፋለች። ሁለተኛው ጥሬ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ይበተናል። ባለቤቲቱ ይህን በሳይንስ ቃል አትናገረው ይሆናል፤ ሥራዋ ግን ከሳይንሱ ጋር ይስማማል።

ከጥሬ ይልቅ የሚከብደው ውሃ ነው። ውሃው በእንስራ ከወንዝ ወይም ከቦኖ በሴት ጀርባ የሚመጣ ስለ ሆነ፣ ለዶሮ የሚቀዳው ከቤተ ሰቡ ድርሻ ተከፍሎ ነው። ብዙ ጊዜ የሚቀርበው በተሰበረ ገንቦ ታች ወይም በሸክላ ስባሪ ነው። ይህም ሸክላው ውሃውን በጥቂቱ ወደ ውጭ ስለሚያመነጭና የወጣው እርጥበት ሲደርቅ የቀረውን ስለሚያቀዘቅዝ፣ ከቆርቆሮ ጣሳ ይልቅ ይመረጣል። በጥላ ሥር የተቀመጠ ሸክላ በቀትርም ቀዝቃዛ ውሃ ይይዛል፤ በፀሐይ ላይ የተተወ ጣሳ ግን ውሃው ሞቆ ዶሮዋ ቀምሳ ትተወዋለች።

ቀትር ላይ ጓሮው ጸጥ ይላል። ዶሮዎቹ ከመሬት ከፍ ተደርጎ በተሠራው ጎተራ ሥር፣ በግራር ጥላ፣ ወይም ቤት ገብተው በአልጋ ሥር ይጋደማሉ። በዚህ ሰዓት ልጆች ዶሮ እንዳያባርሩ ይከለከላሉ፤ በሙቀት የደከመች ዶሮ ብትሯሯጥ ወድቃ ልትሞት ትችላለችና። ጫጩት ያላት እናት ዶሮ ግን ሌላ ጥበቃ ያስፈልጋታል። ጥላ ፍለጋ ርቃ ወደ ቍጥቋጦ ከገባች ጭልፊት ወይም ሽለምጥማጥ ስለሚያገኛት፣ ጫጩቶቹን ከእርስዋ ጋር በትልቅ ቅርጫት ሥር መክደን የተለመደ ነው። ቅርጫቱም ሽመሉ የሳሳ ሆኖ ነፋስ የሚያስገባ መሆን አለበት።

ማታ ዶሮዎቹ ወደ ቆጣቸው ይመለሳሉ። ቆጡ በቤት ውስጥ ከጣሪያው አጠገብ በመሆኑ ከአውሬ ያድናል፤ ነገር ግን የቀኑ ሙቀትና የምድጃው ጢስ የሚጠራቀመው እዚያው ነው። ከዚህም ሌላ ሙቀት ተባይ ያራባል። በላባ ውስጥ የሚገባውን ቅንቅን ለመከላከል አመድ ከደረቅ አፈር ጋር ተደባልቆ በጓሮው አንድ ጥግ ይፈስሳል፤ ዶሮዋም ራስዋ ገብታ ትታጠብበታለች። የታቃፊዋ ጭድ ካልተለወጠና አመድ ካልተነሰነሰበት፣ ተባዩ በዝቶ ዕንቁላሏን ጥላ እንድትነሣ ያደርጋታል።

፬. ዕንቁላሉና ጾሙ

ወደ ዋናው ጉዳይ እንመለስ። ጾም ሲገባ ዕንቁላል በቤት መጠራቀም ይጀምራል። ባለቤቲቱም ሦስት መንገዶች አሉዋት።

የመጀመሪያው ማስቀመጥ ነው። ዕንቁላሉ በጤፍ ወይም በማሽላ ውስጥ ተቀብሮ በጨለማና ቀዝቀዝ ባለ ስፍራ ይቀመጣል። እህሉ የቀኑንና የሌሊቱን የሙቀት ልዩነት ያለዝባል፤ ዕንቁላሉም እርስ በርሱ ተጋጭቶ እንዳይሰበር ይጠብቀዋል። ሆኖም በቆላ ይህ ዘዴ ወሰን አለው። ዕንቁላል ለመፈልፈል 37 ዲግሪ ተኩል ገደማ ሙቀት ይፈልጋል፤ ፅንሱ ግን ከዚያ በእጅጉ ባነሰ ሙቀትም ቢሆን ማደግ ይጀምራል። አጀማመሩ በእናት ገላ ስላልሆነ ግን ሳይፈጸም ይሞታል፤ ዕንቁላሉም ይበላሻል። ስለዚህ ከመብላት ወይም ከማስታቀፍ በፊት ዕንቁላሉን በጆሮ አጠገብ ነቅነቅ አድርጎ መስማት፣ በውሃ ውስጥ ጨምሮ መስጠም አለመስጠሙን ማየት የታወቀ መመርመሪያ ነው።

ሁለተኛው ማስታቀፍ ነው። የማይሸጠውን ዕንቁላል ወደ ጫጩት መለወጥ ትርፍ ይመስላል። ዶሮዋ ለ21 ቀን ትታቀፋለች፤ ብዙ ጊዜ የሚሰጣትም ከ10 እስከ 13 ዕንቁላል ነው። ነገር ግን በመጋቢት የታቀፈች ዶሮ ጫጩቶችዋን የምታወጣው ሙቀቱ ሲበረታ፣ የጎተራውም እህል ሲጎድል ነው። በዚህ ምክንያት አስተዋይ ሴቶች መኸር ከገባ በኋላ ያሉትን ወራት ለማስታቀፍ ይመርጣሉ፤ በሙቀቱ ጊዜ የምትታቀፈውንም ዶሮ አሳብዋን ያስለውጧታል። ለዚህም ወደ ጎረቤት ቤት መውሰድ፣ ለጥቂት ጊዜ ዘቅዝቆ መያዝ፣ በአፍንጫዋም ቀዳዳ ላባ መሰካት የተለመዱ ናቸው።

ሦስተኛው ገበያ ነው። በዚህ አካባቢ ክርስቲያኑና እስላሙ ተጎራብተው ይኖራሉ። በሰንበቴ የእሑድ ገበያ አማራ፣ አርጎባ፣ ኦሮሞና አፋር ይገናኛሉ። ስለዚህ የክርስቲያኗ ሴት የጾም ዕንቁላል እስላም ገዢ ያገኛል፤ በረመዳን ወርም ጾመኛው ፀሐይ ስትጠልቅ የሚበላ ስለ ሆነ የዕንቁላል ገበያ አይዘጋም። በሁለት ሃይማኖት መካከል ያለው ይህ የዕንቁላል ንግድ ትንሽ ቢመስልም፣ አንዱ ወገን ሲጾም የሌላው ማዕድ የጎረቤቱን ቤት እንደሚደግፍ የሚያሳይ ነው። ሁሉም ክርስቲያን በሆነበት የደጋ አገር ግን ይህ መንገድ የለም።

አውራ ዶሮዎች የሚያዙት በሌላ ሥርዓት ነው። እነርሱ ለፋሲካ ይጠበቃሉ። በ12 ብልት ተከፍሎ ለወጥ የሚሠራው ዶሮ በዚያን ሳምንት ከዓመቱ ከፍተኛ ዋጋዎች አንዱን ያወጣልና፣ ባለቤቲቱ በጾሙ ወራት ከዕንቁላል ያጣችውን በአውራው ታካክሳለች።

፭. ማለክለክና ፈንግል

ከዚህ ሁሉ የሚከብደው ፍርድ ግን ሌላ ነው። ዝናቡ በሚቃረብበት ጊዜ ፈንግል ይመጣል። ይህ በሽታ በ1926 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ አገር ኒውካስል በተባለው ከተማ ታይቶ በዚያው ስም በዓለም ይታወቃል። ቫይረስ ሲሆን፣ አንድ ጊዜ ከገባ የጓሮውን ዶሮ ሁሉ ሊጨርስ ይችላል። የታመመችው ዶሮ አፍዋን ከፍታ ትተነፍሳለች፣ ክንፍዋን ትጥላለች፣ መብል ትተዋለች። ሙቀት ያደከማትም ዶሮ የምታሳየው ይህንኑ ነው። ስለዚህ በግንቦት ቀትር አንዲት ዶሮ አፍዋን ከፍታ ቆማ ስትታይ፣ ነገሩ ሙቀት ነው ወይስ ፈንግል የሚለውን ጥያቄ ሳይዘገይ መመለስ ያስፈልጋል።

መለያው ጊዜና ተጨማሪ ምልክት ነው። ሙቀት ከሆነ ብዙዎቹ ዶሮዎች በአንድ ሰዓት ያለከልካሉ፤ ጥላና ውሃ ሲያገኙ፣ ይልቁንም ሲመሽ፣ ይተዋሉ። ፈንግል ከሆነ ግን ማታም ጠዋትም አይለቅም፤ አረንጓዴ ተቅማጥ ይከተለዋል፤ አንዳንዲቱም አንገትዋ ይጠመዘዛል። ነጭ ሽንኩርት፣ ሎሚና ፌጦ ይሰጣሉ፤ የያዘውን ዶሮ የሚፈውስ መድኃኒት ግን የለም።

የፍርዱ ክብደት በአንድ ቤት አያበቃም። በሽታው ፈንግል መሆኑን የጠረጠረች ሴት ጤነኛ የሚመስሉትን ዶሮዎች ወደ ገበያ ብታወጣ የራስዋን ገንዘብ ታድናለች፤ በሽታውንም ወደ ሌላ ጓሮ ትልካለች። ባታወጣ ሁሉንም ልታጣ ትችላለች። በተለይ ዶሮዋን ለእኩል ከሌላ ሴት የተቀበለች ድሀ ከሆነች፣ የጠፋው የሁለት ቤት ሀብት ነው። ይህን ነገር ግዴለሽነት ብሎ መንቀፍ ቀላል ነው፤ ነገር ግን ሴቲቱን ከዚህ ምርጫ የሚያድናት ተግሣጽ ሳይሆን አስቀድሞ የሚሰጥ ክትባት ነው። በቢሾፍቱ የሚገኘው ብሔራዊ የእንስሳት ጤና ተቋም ክትባቱን ያዘጋጃል። ከክትባቶቹም መካከል ሙቀትን የሚችለውና በዓይን ጠብታ የሚሰጠው ዓይነት ማቀዝቀዣ ለሌለበት ቆላ ከሁሉ ይስማማል። ጊዜውም ከፋሲካ ገበያ በፊት ሊሆን ይገባል፤ በበዓሉ ሳምንት ዶሮ ከመንደር ወደ መንደር ይተላለፋልና።

፮. መደምደሚያ

ከ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ እንደ ሮድ አይላንድ ሬድና ኋይት ሌግሆርን ያሉ የውጭ ዘሮች ወደ አገራችን ገብተዋል፤ ከዚያም ወዲህ ሌሎች ተከትለዋል። ብዙ ዕንቁላል መጣላቸው አያጠራጥርም። ሆኖም ብዙ የምትጥል ዶሮ ብዙ መብላትና ብዙ መጠጣት ይኖርባታል፤ ብዙ የበላችም ሙቀቱ ይብስባታል። ውሃው በሴት ጀርባ በሚመጣበት፣ ዕንቁላሉም ለ55 ቀን ፈላጊ በሚያጣበት ቤት፣ የዕንቁላል ብዛት ብቻውን መለኪያ ሊሆን አይችልም። ለባለቤቲቱ የሚጠቅማት ዕንቁላሉ የሚመጣበት ወር ነው።

ስለዚህ በዚህ መስክ ጥናት የሚጀምር ተማሪ ዶሮዎቹን ከመቍጠሩ በፊት ሦስት ነገሮችን ጠይቆ ቢጽፍ መልካም ነው። ዶሮዋ በየትኛው ወር እንደምትታቀፍና ውሳኔው የማን እንደ ሆነ፤ የጾም ዕንቁላል ለማን እንደሚሸጥ፤ የዶሮው ውሃ በማን እንደሚቀዳ። መልሶቹ ከባልየው ሳይሆን ከባለቤቲቱ አፍ መወሰድ አለባቸው። ዕውቀቱ በእርስዋ ዘንድ ነውና።