የላብ ብዛት፦ ምንነቱና ሕክምናው

በቀን ሁለትና ሦስት ጊዜ እየታጠቡ፣ ልብስ እየቀየሩ፣ ላቡ አልቆም ብሏቸው በማዳም ፊት የሚሸማቀቁ ብዙዎች ናቸው። ይህ የንጽሕና ጉድለት አይደለም። ላብ ሰውነት ራሱን የሚያቀዘቅዝበት ውኃ ሲሆን በቆዳችን ውስጥ ከ2 እስከ 4 ሚሊዮን የሚደርሱ የላብ ዕጢዎች ይገኛሉ። ላብ ራሱ ብዙም ሽታ የለውም፤ የሚሸተው በቆዳ ላይ ያሉ ተሕዋስያን ሲያብላሉት ነው።

በበጋ ሙቀት ምድጃ ፊት ቆሞ ማላብ የተፈጥሮ ነው፤ ውኃ አብዝቶ መጠጣት ይገባል። ሳይሞቅና ሳይደክሙ መዳፍ፣ ውስጥ እግር ወይም ብብት በላብ ሲርስ ግን ራሱን የቻለ የጤና ችግር ነው። ብዙውን ጊዜ ከልጅነት ወይም ከጉርምስና ይጀምራል፤ በግራም በቀኝም እኩል ይታያል፤ ሲተኙ ይቆማል። በዘር ይወረሳል እንጂ ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። (መዳፏ የሚያልባት እኅት የካውያ ሶኬት ከመንካቷ በፊት እጇን በደረቅ ጨርቅ ትጥረግ።)

ለብብት ላብ በመጀመሪያ የሚታዘዘው አሉሚኒየም ክሎራይድ ያለበት መድኃኒት ነው። ብዙዎች ጠዋት ከታጠቡ በኋላ ይቀቡትና «አልሠራልኝም» ይላሉ። የሚቀባው ማታ፣ ሊተኙ ሲሉ፣ በደንብ በደረቀ ቆዳ ላይ ነው፤ ጠዋት ይታጠባል። በተላጨ ዕለት አይቀባም፤ ያቃጥላል። በገበያ «ሸባ» የሚሉት ነጭ ድንጋይም ሽታውን ይቀንሳል፤ ዋጋውም ርካሽ ነው። በበረኪና ወይም በሎሚ መታሸት ግን ቆዳን ከመላጥ በቀር ጥቅም የለውም። በመርፌና በቀዶ ጥገና የሚሰጥ ሕክምናም አለ፤ ነገር ግን ውድ ነው፤ ከቀዶ ጥገናውም በኋላ ላቡ ወደ ጀርባ ሊዞር ይችላል።

ሌሊት አንሶላ እስኪርስ ማላብ ግን ሌላ ነገር ነው። ከዚህ ጋር ሳል ከሁለት ሳምንት ካለፈ፣ ትኩሳትና ክሳት ካለ፣ የሳንባ ነቀርሳ ሊሆን ይችላልና መመርመር ያስፈልጋል። «ወደ ሀገር ይመልሱኛል» የሚለው ፍርሃት ከንቱ ነው አንልም። ነገር ግን በሽታው ቢደበቅ እየባሰ ይሄዳል፤ ለምታሳድጓቸው ሕፃናትም ይተላለፋል። በመድኃኒት ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ በ6 ወር ይድናል። ላብ ከልብ ምት መፍጠንና ከእጅ መንቀጥቀጥ ጋር ከመጣ የእንቅርት ዕጢ ይመርመር።

ዐረብኛ ገና ያልለመዳችሁ ለሐኪሙ «ዐረቅ ከቲር» (ብዙ ላብ) በሉት፤ ሌሊት ከሆነም «ቢለይል» ብላችሁ ጨምሩበት።