ገበያ የወለደው ቤተ መዘክር

ለአራት ቀን ባሕር ማዶ ከተማ የሚያዩ ወጣቶች፣ በተለይም እኅትና ወንድም ከሆኑ፣ ገና ሻንጣቸው ሳይዘጋ የሚጣሉበት ነገር የታወቀ ነው፤ አንደኛው ቤተ መዘክር ካላየሁ ሲል ሁለተኛዋ ገበያ ካልወጣሁ ትላለች፤ ሽማግሌ የሆነው ዘመድም ጧቱን ለጥበብ፣ ከሰዓት በኋላውን ለሱቅ መድቦ ያስታርቃቸዋል። እኔም በ2018 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር (ሌላ ካልተባለ በቀር ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ እንዲሁ ናቸው) የወንድሜን ልጆች፣ የ17 ዓመት እኅትንና የ14 ዓመት ወንድሟን፣ ከስቶክሆልም መጥተው በሎንዶን ስቀበላቸው ይህንኑ ፍርድ ልሰጥ ተዘጋጅቼ ነበር፤ ነገር ግን ደቡብ ኬንዚንግተን በሚባለው ሰፈር የቆመው የቪክቶሪያና አልበርት ቤተ መዘክር፣ ልደቱና አስተዳደጉ ሲመረመር ራሱ የገበያ ልጅ ሆኖ ስለሚገኝ፣ እንዲህ ያለውን ክርክር ከሥሩ ይነቅለዋል።

ነገሩ እንዲህ ነው። በ1851 በሃይድ ፓርክ ሜዳ ላይ፣ ጆሴፍ ፓክስተን የነደፈው፣ ከብረትና ከመስተዋት የተሠራ ትልቅ አዳራሽ ተተክሎ፣ መንግሥታት ሁሉ የእጃቸውንና የፋብሪካቸውን ሥራ ያቀረቡበት ታላቅ ዐውደ ርእይ ተከፈተ፤ በአምስት ወር ተኩል ውስጥም ከ6 ሚሊዮን የሚበልጥ ሰው ገብቶ አየውና ወጪው ሁሉ ተከፍሎ 186,000 ፓውንድ ያህል ተረፈ። በዚህ ትርፍ ከሜዳው በስተ ደቡብ ያለው መሬት ተገዛ፤ ዛሬ ቤተ መዘክሮች ተደርድረው የምናይበትም ሰፈር ይኸው ነው። ሄንሪ ኮል የተባለው ሹም ግን፣ የአገሩ ፋብሪካ ብዙ ያመርታል እንጂ ያማረ አያመርትም፣ ገዢውም መልካሙን ከክፉው አይለይም የሚል ቁጭት ነበረበትና፣ በ1852 በማርልበሮ ሃውስ የእደ ጥበብ መዘክር አቆመ፤ ኋላም በ1857 ወደ ደቡብ ኬንዚንግተን ተዛወረ። የቪክቶሪያና አልበርት የሚለውን ስም ያገኘው ንግሥት ቪክቶሪያ በ1899 ለአዲሱ ሕንጻ የመሠረት ድንጋይ ባኖሩ ጊዜ ነው።

ይህ ኮል የሚባል ሰው ቀልደኛ ይሁን ጨካኝ ለመፍረድ ያስቸግራል። በመጀመሪያው ቤት ውስጥ ከመልካም ሥራዎች አጠገብ አንድ ክፍል ለይቶ፣ በዚያ ዘመን በየሱቁ የሚሸጡትን፣ እርሱ አስቀያሚ ያላቸውን የግድግዳ ወረቀቶች፣ ጨርቆችና የቤት ዕቃዎች ደርድሮ፣ ጥፋታቸውን በጽሑፍ ለሕዝብ አሳየ፤ ሕዝቡም ክፍሉን የአሰቃቂ ነገሮች አዳራሽ ብሎ ሰየመው፤ ዕቃቸው የተነቀፈባቸው ፋብሪካዎች ቢቆጡ ብዙ ሳይቆይ ተዘጋ። ይህን ስነግራት ታላቂቱ «ጋሼ፣ ዛሬም ቢከፈት ኖሮ ግማሹ ሱቅ እዚያ ይገባ ነበር» ብላ ሣቀች። ሠራተኛው ሕዝብ ቀን ሥራ ላይ ስለሚውል፣ ማታ እንዲገባ አዳራሾቹ በጋዝ መብራት እንዲበሩ ተደረገ፤ ለጎብኚው የምግብ ቤትም ተከፈተለት። ይኸውም በቤተ መዘክር ዘንድ ያልተለመደ ነገር ነበር፤ ዛሬም ያሸበረቁት የጥንት መመገቢያ ክፍሎች ሻይና ኬክ ይሸጥባቸዋል።

የቤቱን ሁሉ ነገር በአንድ ቀን አያለሁ የሚል ሰው እግሩን ብቻ ያደክማል። ታናሹን የማረከው የጀሶ ግልባጮች አዳራሽ ነው፤ በዚያ የሮሙ ንጉሠ ነገሥት የትራያኖስ ዐምድ በጀሶ ተገልብጦ ቆሟል፣ ነገር ግን ጣራው ስለማይበቃው ለሁለት ተቈርጦ ጎን ለጎን ነው፤ የሚኬላንጄሎ ዳዊትም በቁመቱ ልክ አለ፣ ንግሥቲቱ በጎበኙ ጊዜ እንዳያፍሩ ለኀፍረቱ መሸፈኛ የተሠራችለት የጀሶ ቅጠል ዛሬ ለብቻዋ ትታያለች። እኅቱ በበኩሏ በልብሱ ክፍል ቀረች። ከ1740ዎቹ መጀመሪያ የሆነ ቀይ የሐር የቤተ መንግሥት ቀሚስ፣ ከወገቡ ግራና ቀኝ እንደ ክንፍ ተዘርግቶ ለባሽቱ በበር በጎኗ ካልሆነ የማትገባበት፣ ሙሉ በሙሉ በብር ክር ተጠልፎ ቆሞ ነበር፤ ልጅቱም መስተዋቱን በአፍንጫዋ ልትነካ እስክትደርስ ተጠግታ ክሩ ከሐሩ የሚወጣበትንና የሚገባበትን ስትከተል ሩብ ሰዓት ቆየች። ገበያ ብቻ ትወዳለች የተባለች ልጅ ናት።

ከዚህ ቀሚስ ጋር በአንድ ዘመን፣ በጎንደር እቴጌ ምንትዋብና ልጃቸው ዳግማዊ ኢያሱ ለቁስቋም ማርያም የሰጡት የወርቅ አክሊልና የወርቅ ጽዋ ይሠሩ ነበር፤ ሁለቱም ያሉት በዚሁ ቤት ነው። እኛ በሄድንበት ዓመት መቅደላ የወደቀችበት 150ኛ ዓመት ይታሰብ ነበርና ንዋያቱ ለብቻቸው ቀርበው ነበር። በእኛ አቆጣጠር ሚያዝያ 6 ቀን 1860፣ የፋሲካ ማግስት፣ ዓፄ ቴዎድሮስ ራሳቸውን ከሠዉ በኋላ፣ የጄኔራል ናፒየር ጦር አምባውን በዘበዘ፤ ምርኮውም በ15 ዝሆንና 200 በሚጠጋ በቅሎ ተጭኖ ወደ ደላንታ ሜዳ ወረደና ሁለት ቀን ሙሉ ጨረታ ወጣበት፤ 5,000 ፓውንድ ያህል ተሰብስቦ ለወታደሩ ተከፋፈለ። እንግዲህ ያም ገበያ ነበር። ከብሪቲሽ ሙዚየም ከጦሩ ጋር የተላከው ሪቻርድ ሆምስ አክሊሉንና ጽዋውን ከአንድ ወታደር እጅ የገዛው ግን በአምባው ላይ እንዳለ ነው። በ1871 ጠቅላይ ሚኒስትር ግላድስቶን ንዋያቱ ከአገራቸው መውጣታቸው እንዳሳዘናቸው በፓርላማ ተናገሩ፤ በማግስቱ ዓመት ሁለቱ ወደዚህ ቤት ገቡ። እኛ በሄድንበት ዓመት ደግሞ የቤቱ ዲሬክተር ለኢትዮጵያ በረጅም ጊዜ ውሰት ሊሰጡ ይችላሉ አሉ፤ ሰው የራሱን ዕቃ እንዴት እንደሚዋስ ለልጆቹ ማስረዳት ግን ለእኔ ቀላል አልሆነልኝም።

«ጋሼ፣ በስንት ነበር የገዛው?» አለች ታላቂቱ፣ ቀኑን ሙሉ ዋጋ ስትጠይቅ እንደ ዋለች።

«ሁለቱን በ4 ፓውንድ።»

በክንዷ ያንጠለጠለችውን የሱቅ ከረጢት ተመለከተች፤ ውስጡ ያለው ሻርፕ ከዚያ ይበልጥ ነበር። ወንድሟ በሰንበት ትምህርት ቤት ያጠናውን ፊደል ይዞ በጽዋው ላይ የተቀረጸውን አንድ አንድ እያለ ያነብ ጀመር፤ ፎቶግራፍ ሲያነሣ የመስተዋቱ ነጸብራቅ ስላስቸገረው እርሳስ ተበድሮ በእጁ በተገኘው ወረቀት ጀርባ ላይ ሣለው። ወረቀቱ የእኅቱ የጫማ ደረሰኝ ነበር።

በማግስቱ ጫማው ጠበባት። ገንዘብ ተቀባይዋ ደረሰኙን ገልብጣ ጽዋውን ጥቂት ተመለከተችና፣ አንድ ቁጥር የሚበልጥ ጫማ ለውጣ፣ ደንቡ ነው ብላ ወረቀቱን አስቀረችው። መግቢያው ነጻ ነውና፣ ቤቱም በሌላው ቀን በእኛ ሰዓት 11 ከ45 ላይ ቢዘጋ ዓርብ ዓርብ እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ስለሚቆይ፣ ዓርብ ማታ ተመልሰን ሄድን፤ ልጁ ሲሥል እኅቱ በአዲሱ ጫማዋ አጠገቡ ቆማ፣ ወደ መስተዋቱ የሚመጣውን ነጸብራቅ በሻርፗ ከለለችለት።