የሐሰት ታርጋ ከባዶ ቦታ ይከፋል

ላስ ቬጋስ የባቡር ልጅ ናት። የባቡር ኩባንያው እ.ኤ.አ. ሜይ 15 ቀን 1905 በሐዲዱ ዳር ያለውን በረሃ ሸንሽኖ በጨረታ ባይሸጠው ኖሮ፣ ዛሬ በመብራት የምትንቦገቦገው ከተማ እዚህ ቦታ ላይ መቆሟ ያጠራጥር ነበር። ፍሪሞንት ጎዳና ጫፍ ላይ ያለው ፕላዛ ሆቴል የተሠራው በቀድሞው የባቡር ጣቢያ ቦታ ነው፤ የምንኖርበት ክላርክ ካውንቲም ስሙን የወረሰው ሐዲዱን ካዘረጉት ከሴናተር ዊሊያም ክላርክ ነው። በዚህች ከተማ ተቀምጦ የባቡር ሞዴል የሚሠራ ሰው ታሪክ ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም። ግን አንድ ጥያቄ ይጠብቀዋል፤ ከሱቅ የገዛው ትንሽ ሎኮሞቲቭ ላይ የትኛውን ስም፣ የትኛውን ቁጥር፣ የትኛውን ደወልና መሰላል ይግጠም? የብዙዎች መልስ «የሚያምረውን» ነው። እኔ በዚህ አልስማማም። ታርጋ የምስክር ቃል ነው፤ ሰው ያላየውን መመስከር እንደማይገባው ሁሉ ሞዴል ሠሪም ማስረጃ ያላገኘለትን ታርጋ መለጠፍ አይገባውም።

ምክንያቱን ለማየት የላስ ቬጋስን መስመር ስም ብቻ መከተል ይበቃል። ኩባንያው ሲጀምር የሳን ፔድሮ፣ ሎስ አንጀለስና ሶልት ሌክ ባቡር ይባል ነበር። በ1916 «ሳን ፔድሮ» ከስሙ ወጣ። በ1921 ደግሞ ዩኒየን ፓሲፊክ የተባለው የባቡር ኩባንያ የክላርክን ድርሻ ገዝቶ መስመሩን ጠቀለለው። ስለዚህ ከጎኑ «ሳን ፔድሮ» የሚል ጽሑፍ ያለበት ሞዴል በ1930 የተሠራ ፉርጎ እየጎተተ ከታየ፣ ቀለሙ የቱንም ያህል ቢያምር እርስ በርሱ የሚጣላ ነገር ይናገራል። ከዚህም የበለጠ የሚያስተምረው «ቢግ ቦይ» የሚባለው የዩኒየን ፓሲፊክ ግዙፍ የእንፋሎት ሎኮሞቲቭ ነው። የአልኮ ፋብሪካ ከ1941 እስከ 1944 በስኬኔክታዲ፣ ኒውዮርክ ሃያ አምስቱን ሠራ። ስሙ ራሱ ከታርጋ የመጣ አይደለም፤ ስሙ ያልታወቀ አንድ የፋብሪካው ሠራተኛ በሎኮሞቲቩ ፊት ላይ በጠመኔ እንደጻፈው ይነገራል። እነዚህ ሎኮሞቲቮች ዕድሜያቸውን የጨረሱት ዋዮሚንግና ዩታ ውስጥ ጭነት በመጎተት ነው። በ1940ዎቹ ላስ ቬጋስ ላይ ጭነት የሚጎትት ቢግ ቦይ አድርጎ የሠራ ሰው ያልነበረ ነገር ሠርቷል። ሆኖም ከእነዚሁ አንዱ የሆነው ቁጥር 4014 ከካሊፎርኒያዋ ፖሞና ሙዚየም ወጥቶ ለጥገና ወደ ዋዮሚንጓ ሻየን ሲወሰድ በ2014 እሳት ሳይነድበት በናፍጣ ሎኮሞቲቭ እየተጎተተ በላስ ቬጋስ አልፏል፤ በ2019 ደግሞ ተጠግኖ በራሱ እንፋሎት መጥቷል። በሁለቱ መካከል አንድ ትልቅ ለውጥ አለ። ቀድሞ የድንጋይ ከሰል ይነድበት የነበረው ሎኮሞቲቭ በጥገናው ጊዜ ወደ ዘይት ተቀይሯል፤ ከኋላው ያለው የነዳጅና የውሃ ተጎታችም አብሮ ተለውጧል። ስለዚህ ከሰል የተቆለለበት ተጎታች አስከትሎ በላስ ቬጋስ ጭሱን እያትጎለጎለ የሚሄድ ሞዴል፣ ፊቱ ላይ ያለው 4014 ትክክል ቢሆንም፣ በየትኛውም ዓመት ያልታየ ነገር ያሳያል። ቁጥሩን የሚያጸናው አብሮት ያለው ዕቃ ነው።

እንግዲህ ሥራው ምን እንደሚመስል እንመልከት፤ ክርክሩ ያለ ሥራው ባዶ ነውና። አሜሪካ ውስጥ በብዛት የተለመደው የሞዴል ልክ ከእውነተኛው ሰማኒያ ሰባት ጊዜ ያነሰ ነው። አርባ ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው የፋብሪካ ታርጋ በዚህ ልክ አራት ሚሊ ሜትር ተኩል ገደማ ይሆናል፤ ስድስት ሴንቲ ሜትር ቁመት ያለው ፊደል ከአንድ ሚሊ ሜትር ያንሳል። ይህን በብሩሽ መጻፍ የማይቻል ነው። ስለዚህ ታርጋው ከስስ የናስ ቆርቆሮ ይዘጋጃል፤ ፊደሉ በብርሃንና በመከላከያ ልባስ ይታተምና የቀረው ብረት በአሲድ ይበላል፣ ፊደሉም ከፍ ብሎ ይቀራል። ገዢው ታርጋዎቹን ተያይዘው በአንድ ቆርቆሮ ላይ ያገኛቸዋል። መስታወት ወይም የሸክላ ንጣፍ ላይ አስደግፎ በስለታም ቢላ ይለያቸዋል፤ ለስላሳ ነገር ላይ ከቆረጠ ታርጋው ይጎብጣል፣ የጎበጠ ስስ ናስ ደግሞ እንደ ቀድሞው አይቃናም። ጠርዙን በደቂቅ ሞረድ ያስተካክላል። መደቡን ጥቁር ወይም ቀይ ይቀባና ሲደርቅ በጣም ደቂቅ የብርጭቆ ወረቀት ጠፍጣፋ ነገር ላይ ዘርግቶ ታርጋውን በግልባጩ ቀስ እያደረገ ይፈትገዋል። ከፍ ያሉት ፊደላት የናስ ቀለማቸውን ይዘው ብቅ ይላሉ። የሚበዛው ስህተት የሚሠራው ሲለጠፍ ነው። ቶሎ የሚይዘው ሱፐር ግሉ ሁለት ጉዳት አለው፤ ትነቱ በዙሪያው ያለውን ቀለም ነጭ ጉም ያለብሰዋል፣ ታርጋው ጠመም ብሎ ከተቀመጠም ለማስተካከል ጊዜ አይሰጥም። ጥርት ያለ ቨርኒሽ ጠብታ ወይም ነጭ የእንጨት ማስቲሽ ይሻላል። ታርጋው በፒንሴት ይቀመጣል፣ በጥርስ መፋቂያ ጫፍ ይስተካከላል፤ ትክክለኛውን መስመር አስቀድሞ የተለጠፈ የወረቀት ፕላስተር ያሳያል። ቀሪዎቹ ዕቃዎች፣ ማለትም እጀታዎች፣ የፍሬን ቱቦዎች፣ የመስታወት መጥረጊያዎች፣ ደወልና ጥሩንባ፣ የየራሳቸው ጠባይ አላቸው። ሦስት ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው የእጅ መያዣ በዚህ ልክ የ0.35 ሚሊ ሜትር ሽቦ ይሆናል፤ ቀዳዳውም በእጅ በሚዞር መሰርሰሪያ፣ ሳይቸኩሉ፣ ቦታው አስቀድሞ በመርፌ ተወግቶ ይበሳል።

«ከአንድ ክንድ ርቀት ማንም የማያነበውን ፊደል ለምን እንጨነቅበታለን?» የሚሉ አሉ። ጥያቄው ቀላል አይደለም፤ ሰው የሚደክመው ለዓይን ከሆነ ዓይን ለማያየው መድከም ከንቱ ይመስላል። ነገር ግን ስለ አንድ ሎኮሞቲቭ ማንነት በመጀመሪያ የሚጠየቀው ታርጋው ነው። የፋብሪካው ስም፣ የፋብሪካ ቁጥርና ዓመት በእርሱ ላይ ይጻፋሉ፤ በዚያ ቁጥር ከፋብሪካው መዝገብ ውስጥ ሎኮሞቲቩ ለማን እንደተሸጠ ይገኛል። ፎቶ የሚያነሳ ሰው ሞዴሉን አጉልቶ ሲያይ የሚያነበው ይህንኑ ነው። «መዝናኛ ነው፤ ሰው በገዛ ገንዘቡ እንደፈለገ ያድርግ» ለሚሉትም መልሴ አጭር ነው። በምናብ መንደር ውስጥ በምናብ ስም የሚሄድ ባቡር ሠርቶ የምናብ መሆኑን መናገር ምንም ነውር የለበትም። ነውሩ እውነተኛ ስም ለጥፎ እውነተኛ ነው ማለት ነው። ታርጋ መለጠፍ የሞዴሉን የሽያጭ ዋጋ ይቀንሳል የሚለው ስጋት ደግሞ መፍትሔው ከላይ ተነግሯል፤ በቨርኒሽ የተያዘ ታርጋ ቀለሙን ሳይጎዳ ሊነሳ ይችላል።

ከሁሉ የሚከብደው ተቃውሞ የእኛኑ ባቡር የሚመለከት ነው። ከጅቡቲ እስከ አዲስ አበባ የነበረው አሮጌ መስመር 784 ኪሎ ሜትር ርዝመት፣ የአንድ ሜትር የሐዲድ ስፋት ነበረው። በ1902 ድሬዳዋ ደረሰ፣ በ1917 አዲስ አበባ ገባ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)፤ ዛሬ፣ በ2016 ከእርሱ የሰፋ ሐዲድ ይዞ የተመረቀው አዲስ መስመር ተክቶታል። ይህን ባቡር በሞዴል ማቆየት የሚፈልግ ሰው መነሻ አለው፤ በሰማኒያ ሰባተኛው ልክ አንድ ሜትር ሐዲድ 11.5 ሚሊ ሜትር ስለሚሆን፣ ለአውሮፓ ተራራማ ባቡሮች የሚሸጠው የ12 ሚሊ ሜትር ሐዲድ ይስማማዋል። ችግሩ ዝርዝሩ ነው። «ማስረጃ ፈልጉ ብትሉን ሰነዱ ተበታትኗል፤ በፎቶ እስኪረጋገጥ ከተጠበቀ ምንም አይሠራም» የሚል ሰው እውነት አለው። ሆኖም ማስረጃው የሚታሰበውን ያህል አልጠፋም። የኩባንያው ስም ብቻ ዘመንን ይለያል፤ በ1896 የተቋቋመው የንጉሠ ነገሥቱ የኢትዮጵያ ባቡር ኩባንያ ከከሰረ በኋላ በ1908 የፍራንኮ ኢትዮጵያ ኩባንያ ተተካ፣ እርሱም በ1981 የጅቡቲ ኢትዮጵያ ባቡር ሆነ። በ1970ዎቹ የተነሳ ፎቶ ላይ ያለውን ሎኮሞቲቭ የሚሠራ ሰው የመጨረሻውን ስም ሊጽፍበት አይችልም። ሌላም ወጥመድ አለ። የፋብሪካ ታርጋ ዓመት በአውሮፓ አቆጣጠር ነው፤ የቤተሰብ ፎቶ ጀርባ ላይ በአማርኛ የተጻፈ ዓመት ግን ብዙ ጊዜ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው። የሰባት ወይም የስምንት ዓመት ልዩነት አንድን ሎኮሞቲቭ ከእንፋሎት ዘመን ወደ ናፍጣ ዘመን ያሻግረዋል።

ማስረጃ በማይገኝበት ቦታ ደግሞ አሜሪካ ከሚሸጠው የዕቃ ከረጢት ደወልና የከብት መከላከያ አንስቶ አውሮፓ በተሠራ የድሬዳዋ ሎኮሞቲቭ ላይ መለጠፍ ክፍተቱን አይሞላውም፤ ይደብቀዋል። ዛሬ በግምት የተለጠፈ ቁጥር ነገ በፎቶ ይሰራጫል፣ ከነገ ወዲያ ሌላ ሞዴል ሠሪ ያንኑ ፎቶ እንደ ማስረጃ ይቆጥረዋል። ባዶ የተተወ የታርጋ ቦታ ግን ጥያቄውን ክፍት ያቆየዋል፤ ሰው አይቶት «እዚህ ምን ነበር?» ይላል፣ የሚያውቅም ይመልሳል።

ስለዚህ በላስ ቬጋስም ሆነ በሌላ ከተማ ያላችሁ፣ አባታችሁ ወይም አያታችሁ በድሬዳዋ የባቡር ወርክሾፕ፣ በአዋሽ ወይም በለገሃር ጣቢያ ከሠሩ፣ ቤታችሁ ያለውን ፎቶ አውጡና በአጉሊ መነጽር ተመልከቱት። የሎኮሞቲቩን ቁጥር፣ ቦታውንና ዓመቱን ጻፉ፤ ዓመቱ በየትኛው አቆጣጠር እንደሆነም አብራችሁ ጻፉ። ማስቲሹ ከዚያ በኋላ ይደርሳል።