ድመት በአንድ ሥፍራ እንድትጸዳዳ ስለ ማልመድ

በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ ብዙ ግቢ ዛሬ በሲሚንቶ ተለብጧል። አይጥ እንድታጠፋልን ያስገባናት ድመት ግን ኩሷን የምትቀብርበት ልል አፈር የምትሻ ፍጥረት ናት።

በእኛም ቤት የሱሉልታ ክረምት ደጁን ቢያጨቀይባት በምድጃው ዓመድ ላይ ተጸዳዳች። ልጆቹ ዱላ አነሡ፤ ነፍሰ ጡር የነበረችው እናታቸውም «ትውጣልን» አለች። የተመታች ድመት ግን ከሰው ዓይን መሰወርን እንጂ ንጽሕናን አትማርም፤ በማግሥቱ ከአልጋ ሥር አገኘነው።

ስለዚህ ጠርዙ ዝቅ ባለ አሮጌ ሳፋ አሸዋ ሞልተን ከምግቧ በራቀ ጥግ አኖርነው። ዓመድ ብንሞላው ምድጃውን ባልተወች ነበር። (በአሜሪካም ዓመድ የለመደች ድመት በመዳፏ ቤቱን ስላጎደፈች፣ ኤድዋርድ ሎው የተባለ ሰው በ1939 ዓ.ም. ለጎረቤቱ የደረቀ የሸክላ አፈር ሰጣት፤ ኋላም ትልቅ ንግድ ሆነለት።) በልታ ስትጨርስና ከእንቅልፏ ስትነቃ ወደ ሳፋው እየወሰድን አስቀመጥናት፤ በሽንቷ የራሰ ጨርቅም ለምልክት ተውንላት። ያበላሸችውን ሥፍራ በሳሙናና በኮምጣጤ አጠብን፤ የቀረ ሽታ መልሶ ይጠራታልና። በረኪና ግን ከሽንት ጋር ሲገናኝ የሚያንቅ ጭስ ስለሚያወጣ አይገባም።

ከሁሉ የሚያሠጋው በድመት ኩስ ሊገኝ የሚችለው ቶክሶፕላዝማ የተባለ ጥገኛ ተሐዋሲ ነው፤ በእርግዝና ወራት እናቲቱን ቢይዝ የማኅፀኑን ልጅ ሊጎዳ ይችላል። ከኩሱ ጋር ወጥቶ ወደ ሰው ለመተላለፍ የሚደርሰው ቢያንስ ከአንድ ቀን በኋላ ስለሆነ፣ ሳፋው በየዕለቱ ሊጸዳ ይገባል፤ የሚያጸዳውም ነፍሰ ጡሯ ሳትሆን ሌላ ሰው ይሁን። በቤታችን ይህ ሥራ የአባወራው ሆኖ ቀርቷል።