ጥድ ስንል የትኛውን? ነባርና መጤ ኮኒፈሮች በኢትዮጵያ ደጋ

ያለ አበባ ዘር ከሚያፈሩት ኮኒፈሮች በኢትዮጵያ በተፈጥሮ የሚገኙት ጥድና ዝግባ ብቻ ናቸው። ቁጥራቸው ቢያንስም የዘር ሐረጋቸው ከሁለት ተቃራኒ አቅጣጫዎች የመጣ ነው። የጥድ፣ በሳይንሳዊ ስሙ የጁኒፐረስ ፕሮሴራ፣ ዘመዶች በሰሜናዊው የምድር ክፍል የሚኖሩ ሲሆን፣ ከመካከላቸው የምድር ወገብን ተሻግሮ በተፈጥሮ እስከ ዚምባብዌ የዘለቀው እርሱ ብቻ ነው። ዝግባ፣ ማለትም አፍሮካርፐስ ፋልካተስ፣ በአንጻሩ በአብዛኛው በደቡባዊው የምድር ክፍል የተስፋፋ ቤተሰብ አባል ነው። በደረቁ የደጋ ደን ሁለቱ ጎን ለጎን ቆመው ይታያሉ።

ከመጤዎቹ ዋነኛው የፈረንጅ ጥድ፣ ኩፕሬሰስ ሉሲታኒካ፣ ነው። «ሉሲታኒካ» የፖርቱጋል ማለት ቢሆንም ዛፉ የሜክሲኮና የመካከለኛው አሜሪካ ተወላጅ ነው፤ ስሙን ያገኘው ፖርቱጋል ውስጥ ከተተከሉ ዛፎች በመገለጹ ነው። ከእርሱ ሌላ የሜክሲኮው ፓይነስ ፓቱላና የካሊፎርኒያው ፓይነስ ራዲያታ ተተክለዋል።

የስሙ ጉዳይ ቀላል መስሎ ሊታይ ይችላል። ነገር ግን በችግኝ መዝገብ ላይ «ጥድ» ተብሎ ብቻ ሲጻፍ የትኛው እንደ ሆነ አይታወቅም፤ የተራቆተ የጥድ ደን በመጤ ዛፍ ተተክቶ ሳለ ሪፖርቱ ደኑ እንዳገገመ ሊያስመስል ይችላል። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ቁጥር 94 ከኮሶና ከዋንዛ ጋር እንዳይቆረጡ የጠበቃቸው ነባሩን ጥድና ዝግባን ነው፤ የፈረንጅ ጥድን አይደለም። ዛፎቹን ለመለየት ፍሬያቸውን ማየት ይበቃል፦ የነባሩ ሥጋማና ጥቁር ሰማያዊ ሲሆን፣ የመጤው ድቡልቡልና እንጨትማ ነው።

ይህ የፍሬ ልዩነት በመራባት ላይም ልዩነት ያመጣል። የነባሩን ጥድ ፍሬ ወፎች በልተው ዘሩን ያሰራጫሉ፤ የፓይን ዘር ግን ክንፍ ስላለው በነፋስ ይሄዳል። በተጨማሪም በጥድና በዝግባ ወንዱና ሴቷ ብዙውን ጊዜ በተለያዩ ዛፎች ላይ ናቸው። ስለዚህ በአንድ ቤተ ክርስቲያን ቅጥር የቀሩ ሦስት አራት ዛፎች፣ ያማሩ ቢሆኑም፣ ፍሬያማ ዘር ላይሰጡ ይችላሉ። ዘር ሰብሳቢ ይህን ካላጤነ ድካሙ ከንቱ ነው። በብርሃን ፍላጎትም ሁለቱ አይመሳሰሉም፤ ጥድ ጥላ አይወድም፣ የዝግባ ችግኝ ግን በሌላ ዛፍ ጥላ ሥር ያድጋል።

መጤዎቹ ነባሩን ደን ያጠፋሉ ወይስ ያስታምማሉ? በእኔ እምነት ጥያቄው በዚህ መልክ መቅረቡ ራሱ ያሳስታል። በመናገሻ ሱባና በሙነሳ ሻሸመኔ የተካሄዱ ጥናቶች በተተከሉ መጤ ዛፎች ሥር አያሌ ነባር ዕፅዋት በራሳቸው መብቀላቸውን አሳይተዋል። ወሳኙ በቅርብ የዘር ምንጭ የሚሆን የተፈጥሮ ደን መኖሩና ብርሃን ወደ መሬት መድረሱ ነው። የፈረንጅ ጥድ በጥቅጥቅ ተተክሎ ካልሳሳ ከሥሩ ባዶ መሬት ይሆናል፤ በጊዜው ሲሳሳ ግን ዝግባን የመሰለ ጥላ ወዳድ ችግኝ ሊያስጠልል ይችላል። በሥራቸው ያለው ፈንገስም ሊታሰብ ይገባዋል። የፈረንጅ ጥድ ከነባሮቹ ኮኒፈሮች ጋር አንድ ዓይነት የፈንገስ ትስስር ሲኖረው፣ ፓይን ግን የተለየ ዓይነት ይፈልጋል፤ ፓይን ከአገሩ ውጭ ሲተከል ፈንገሱም አብሮት መምጣት ነበረበት።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ የሚያሳስበው የፈረንጅ ጥድ ክሽክሽ ነው። ይህ ተባይ በአፍሪካ በመጀመሪያ የታየው እ.ኤ.አ. በ1986 በማላዊ ሲሆን፣ በ1990 ኬንያ ደርሷል። የቅርንጫፉን ፈሳሽ እየመጠጠ ዛፉን ያደርቃል፤ ነባሩንም ጥድ ያጠቃል። እንግዲህ በቅሪት የጥድ ደን ዳርቻ የፈረንጅ ጥድ መትከል ለተባዩ ድልድይ እንደ መሥራት ስለሚሆን፣ በዚያ ዳርቻ ዝግባን፣ ኮሶንና ወይራን ማስቀደም ይሻላል።