ጨው በሙት ባሕር ዳር እንዴት ይወለዳል

ዮርዳኖስን ተሳልሞ ጥቂት ወደ ደቡብ የወረደ መንገደኛ በሙት ባሕር ዳር ነጭ ነገር ተጋግሮ ያገኛል። ቁራሹን በእጁ የያዘ ሰው ትናንት ያልነበረ ማዕድን ያዘ ማለት ነው።

ማዕድን የምንለው ሰው ያልሠራው፣ ጠጣር፣ ቅመሙ የታወቀና ደቂቃን ክፍሎቹ በሥርዓት የተደረደሩ ነገር ነው። ጨው ከሶዲየምና ከክሎሪን የተገኘ ነው። በውኃ ውስጥ ሳሉ ኹለቱ ተለያይተው ይንሳፈፋሉ፤ ፀሐይ ውኃውን አትንኖ ሲያሳንሰውና ሊሸከማቸው ሲሳነው ግን አንዱ ከሌላው ጎን እየተሰለፈ ይገጥማል። አሰላለፉ አራት ማዕዘን ስለ ኾነ ፍሬው ስድስት እኩል ፊት ይኖረዋል። ማጉያ መነጽር ያለው ወንድም የማእድ ቤታችንን ጨው ቢመረምር ይህንኑ ያያል።

ኹሉም ግን ባንድነት አይወርድም። በውኃ ለመሟሟት አስቸጋሪ የኾነው ይቀድማል፤ በመጀመሪያ የኖራ ወገን የኾነው አራጎናይት፣ ቀጥሎ ጀሶ፣ ከዚያም ጨው። ማግኔዚየም አብዛኛው በውኃው ውስጥ ይቀራል፤ ባሕሩን መራራ የሚያደርገው እርሱ ነው። በማሳዳ ተራራ ግርጌ ያለው ገደል በነጭና በጥቁር ስስ መስመር የተሰመረ ነው፤ ነጩ አራጎናይት፣ ጥቁሩ የክረምት ጎርፍ ያመጣው ጭቃ። ይህ ከ15 ሺህ ዓመት በፊት የነበረ፣ ከዛሬው እጅግ የሰፋ ሐይቅ ወለል ነው።

የሰዶም ተራራ ደግሞ ከዚህ እጅግ የቀደመ ነው። ከሚሊዮኖች ዓመታት በፊት የሜዲትራኒያን ውኃ ወደ ሸለቆው ገብቶ ጨው ጥሎ አለፈ፤ ደለል ሲጫነውም ጨው ከደለል ስለሚቀልል እንደ ሊጥ ተጨምቆ ወደ ላይ ወጣ። የሎጥ ሚስት እየተባለ የሚታየው ዓምድ የዚሁ ተራራ ክፍል ነው። አሞሌ የሚቆረጥበት የአፋር ጨውም ቀይ ባሕር ወደ ሸለቆ ገብቶ ተዘግቶ ሲደርቅ የተገኘ ነው።

ዛሬ የሙት ባሕር ጨው ከመቶ 34 ያህል ነው፤ የውቅያኖስ 3.5 ብቻ። የዮርዳኖስ ውኃ ለእርሻና ለመጠጥ ስለ ተጠለፈ፣ በደቡብም ፋብሪካዎች ፖታሽ ለማውጣት ውኃውን ስለሚያተንኑ፣ ባሕሩ በየዓመቱ ከ1 ሜትር በላይ ይወርዳል። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1980ዎቹ ጀምሮም ጨው በወለሉ ላይ እየረገፈ ይደረደራል።

ውኃ የሠራውን ውኃ ያፈርሳል። በዳርቻው ምድር ውስጥ 10 ሺህ ዓመት ያህል የቆየ የጨው ንጣፍ ተቀብሯል። ባሕሩ ሲሸሽ ከተራራ የሚወርደው ጣፋጭ የከርሰ ምድር ውኃ ወደ ንጣፉ ደርሶ ያሟሟዋል፤ ባዶ ዋሻ ይቀራል፤ ኋላም ጣሪያው ይደረመሳል። በኹለቱ ዳርቻ ከ6 ሺህ በላይ ጉድጓዶች ተከፍተዋል፤ የዓይንጋዲም የሕዝብ መዋኛ በዚሁ ምክንያት ተዘግቷል። ምድሩ ከመደርመሱ በፊት ከላይ ሲያዩት ደረቅና ጽኑ ሊመስል ይችላልና፣ ጨው ለመልቀም ሲሉ የታጠረውን መስመር አልፎ መውረድ አይገባም።